ሰማያዊው ውኃ

ከባሕር በታች ነው የቆምንበት መሬት፣
ግድብ ነው የያዘው፣ ያውም በልመና፤
ላሞቼ መቶ አርባ፣ ዓመቱን በእርጥበት
ቆመው የሚያነክሱ በታመመ ሸሆና።

ሐኪሙ መከረኝ፦ «ዊትስኬ፣ መዳቡን በጥብጪ፣
ከማለቢያው ደጃፍ በገንዳ አስቀምጪ።»
በጠበጥኩኝ። ውኃው እንደ ሰማይ ጠራ፣
የበዓል ልብስ እንጂ መርዝ አይመስልም ነበር፤
ላሞቼ በተራ፣ እግራቸው በተራ፣
ሰማይ እየረገጡ ወጡ ከበረት በር።

ቁስሉ ዳነ።
ሲቆሽሽ ገንዳውን ከፍጉ ደፋሁት፣
ፍጉን በየካቲት ለሣሩ ረጨሁት።
ሣር ፍግ መች ይጠላል? ለመለመ፣ በዛ፤
አሥራ ሁለት ዓመት
እንዲህ ሆነ፣ በዋዛ።

ጎረቤቴ ሲብረን በጎች ነበሩት፣
ከግጦሼ ዳር ላይ በኪራይ የዋሉት።
በግ ደግሞ መዳብን መሸከም አይችልም፤
ላም የምትረሳውን ጉበቱ አይረሳም።
ያከማቻል ዝም ብሎ፣ ጠብታ በጠብታ፣
ውሻ እስኪያባርረው፣ እስኪደነግጥ ላፍታ፤
ያን ጊዜ የታመቀው ይገነፍላል በደም።

ዓይናቸው ቢጫ ሆነ። ሽንታቸው ጠቆረ።
አሥራ አንድ፣ በአንድ ሳምንት።
ሐኪሙ አንዷን ቀዶ ጉበቷን አየና
ቀና ብሎ ወደ እኔ ሣር ዞረ።
ሲብረን አልተናገረም።
ባርኔጣውን አወለቀ፣ መልሶ አጠለቀ።

ከዚያ ሬንስኬ መጣች፣ ከሌዋርደን ከተማ፣
የምሁር ወግ የሌላት፣ ጥፍሯ ሥር ፍግ ያለ።
«ፍጉን አትጣዪው» አለች፣ «ሣርሽ ይራባል፤
መዳቡ ይውጣና ምግቡ ግን ይቀራል።»
እኔ በልቤ፦ አንዴ ከሟሟ ወዲያማ
ጨውን ከሾርባ ውስጥ ማን ለቅሞ ያወጣል?

የሎሚ አሲድ ጨመረች፤ ፍጉ ተቆጣ፣
አረፋው ገንፍሎ ከበርሜሉ ወጣ፣
ቦቲያችንን ሞላ፣ ደጁን አለበሰው፤
ድመቷ ከጣሪያ ሆና ታዘበችን።
ሳቅሁ። ከበጎቹ ወዲህ
የመጀመሪያዬ ነበር።

በሁለተኛው ሙከራ መዳቡ ወጣ፣
ፎስፈረሱም አብሮት፤
የቀረን ጭቃ ነው፣ የላም ሆድ ያላየው ይመስል።
«ሌባውን ስናባርር ባለቤቱንም አባረርን»
አለች፣ ደብተሯን እየሰረዘች።

በስድስተኛው፣ ኅዳር ሲጋመስ፣
ጠጣሩን ጨምቃ፣ ፈሳሹን ለብቻ፣
በሁለት ሳህን መሃል አሳለፈችው፣
ኤሌክትሪክ በነካቸው።
አንዱ ሳህን ቀላ፣
ቀስ በቀስ፣
እንደሚያፍር ፊት።
ከዚያ የማግኒዥየም ጨው ነሰነሰች፤
ፎስፈረሱ ናይትሮጂኑን አቅፎ፣
ነጭ አሸዋ ሆኖ ከታች ዘቀጠ።
ያንን ለቅመን ወደ ፍጉ መለስነው፣
እንደ ጠፋ ልጅ።

አንጥረኛ ለወርቁ ሲል አፈሩን ይደፋል፤
እኛ ለአፈሩ ስንል ማዕድኑን ደፋን።
ቅኔ ከሆነም የእኛ ቅኔ ግልብጥ ነው፤
ሰሙ ያብረቀርቃል፣ ወርቁ ይሸታል።

ሰማያዊውን ውኃ ትቼዋለሁ አሁን፤
ሸሆናውን አንድ ባንድ በእጄ ነው የማጥበው፣
በሳሙና። ወገቤ ያውቀዋል።
ጉድጓዱ ግን ገና እስከ አፉ ሙሉ ነው፣
የሣሩም ሥር የአሥራ ሁለት ዓመት ሰማይ
ቋጥሮ ይዟል፤ እሱን የሚፈታ በርሜል
ሬንስኬም የላትም።

ሳህኑን ፋቅሁና በወጥ ቤት ሚዛን አየሁት፦
አርባ ግራም።
ለኬክ የሚበቃ ቅቤ እንኳ አይሆንም።
ሲብረን ከአጥሩ ማዶ ቆሞ ነበር፤ ሰጠሁት።
በመዳፉ አገላበጠው፣
እንቁላል እንደሚመዝን ሰው።

«ይቺ ናት?»
«ይቺ ናት።»

ኪሱ ከተታት።
አልመለሰልኝም።